ለዘመድ ጥየቃ የሚሆነው አርቪ የቱ ነው? የመኪናው፣ የማደሪያውና የኪራዩ ንጽጽር

አርቪ፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ያለው የሚነዳ ወይም የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውንና ወንበሩን ነው። ስንት ሰው ያስተኛል፣ ወጥ ቤቱ ይመቻል ወይ፣ የነዳጅ ነገርስ እንዴት ነው? በአሜሪካ ከአንዱ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሌላው ለሚደረግ ጉዞ ይህ ያስኬዳል። በየመንገዱ ወዳጅ ዘመድ እየጠየቁ ለሚሄዱበት ጉዞ ግን ምርጫውን የሚወስነው የዘመዶቻችሁ ድራይቭዌይ፣ ማለትም ከመንገድ እስከ ቤቱ ያለው የመኪና መግቢያ ነው። መኪናው እዚያ ካልገባ፣ ገብቶም ደልደል ብሎ ካልቆመ፣ ወይም ሁለት ሌሊት ያለ ካምፕ አገልግሎት መቆየት ካልቻለ ማደሪያችሁ ከከተማ ውጭ ያለ የአርቪ ፓርክ ይሆናል። ያን ጊዜ የመጣችሁለትን ሰው የምታዩት በምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ከመምረጣችሁ በፊት ለየቤቱ ደውሉ። "አርቪ ይገባል?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "ኧረ ይገባል፣ እናንተ ብቻ ኑ" ነው። ይልቅ ፎቶ አስልኩ፤ አንዱ ከመንገዱ ማዶ፣ ሌላው ከጎን የተነሳ ይሁን። የድራይቭዌዩን ርዝመትና ስፋት በሜትር ያስለኩላችሁ፣ ከላይ የሚያልፍ ሽቦና ቅርንጫፍ ካለ ይንገሯችሁ፣ ውጭ ያለው ሶኬት ከመቆሚያው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይቁጠሩ። የአርቪ ገላ ስፋት እስከ 8 ጫማ ተኩል ይደርሳል፤ መስታወቶቹ ሲጨመሩ 10 ጫማ ያህል ቦታ ይፈልጋል። በጎን ተገፍቶ የሚወጣ ክፍል ካለው ሌላ 3 ጫማ ያህል ጨምሩ። ቤቱ ያለው የሰፈር ማኅበር በሚያስተዳድረው ግቢ ከሆነ ደግሞ ደንቡን ባለቤቱ ቀድሞ ይጠይቅ። ብዙዎቹ አርቪ በር ላይ እንዲቆም የሚፈቅዱት ለአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ጨርሶ የማይፈቅዱም አሉ።

አራቱ ዓይነቶች

ክላስ ቢ የሚባለው በራም ፕሮማስተር፣ በመርሴዲስ ስፕሪንተር ወይም በፎርድ ትራንዚት ላይ የሚሠራው ቫን ነው። ርዝመቱ ከ18 እስከ 24 ጫማ ሲሆን ከፍታው ብዙውን ጊዜ ከ9 ጫማ ትንሽ ይበልጣል። የትኛውም ቤት በር ላይ ይቆማል፣ ከተማ ውስጥ እንደ ተራ መኪና ይነዳል፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ለመግባትም አያስቸግርም። ጉድለቱ ጠባብነቱና የታንኮቹ ማነስ ነው። ለሁለት ሰው ይመቻል፤ ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ግን አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው አይንቀሳቀስም።

ክላስ ሲ ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ወጥቶለት የሚታወቀው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በፎርድ ኢ-350 ወይም ኢ-450 ሻንሲ ላይ ይሠራል። ርዝመቱ ከ20 እስከ 32 ጫማ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ምክንያቱም የ24 ጫማውና የ31 ጫማው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ፈጽሞ አይገናኝም። በረጅሙ ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ የሚተርፈው አካል 9 እና 10 ጫማ ሊደርስ ይችላል። መንገዱና ድራይቭዌዩ የሚገናኙበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ጎማው ይወርድና ጭራው አስፋልቱን ይፍቃል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ጭራው ወደ ግራ ይወረወራል፤ የጎረቤት ፖስታ ሳጥን የሚወድቀው እንዲህ ነው። ልጆች ላሉት ቤተሰብ የምንመክረው ከ22 እስከ 25 ጫማ ያለውን ነው።

ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚመስለው ነው፤ ከ26 እስከ 45 ጫማ ይረዝማል፣ ከፍታው ከ12 ጫማ ያልፋል። ታንኮቹ ትልልቅ ናቸው፣ ብዙዎቹ በራሳቸው የሚደላደሉበት ክሪክ አላቸው፣ መኝታውም እውነተኛ መኝታ ነው። ግን ዛፍ የበዛበት ሰፈር ውስጥ መግባት ፈተና ነው። ከኋላ ትንሽ መኪና ካልጎተተ ደግሞ ወተት ለመግዛት እንኳ ቤቱን ሙሉ ነቅሎ መሄድ አለበት። ካምፕ ውስጥ ተደላድሎ በትንሿ መኪና ዘመድ ቤት መመላለስ ለሚፈልግ ይሆናል፤ ለሌላው ግን አይመከርም።

ተሳቢው፣ ማለትም በሌላ መኪና የሚጎተተው ማደሪያ፣ ለብቻው ይታያል። ትልቁ ጥቅሙ አንድ ቦታ ፈትታችሁ ካቆማችሁት በኋላ ጎታቹ መኪና ለከተማ ነፃ መሆኑ ነው። እናት አባት ቤት ሁለት ሳምንት ለመቆየት ከእሱ የሚሻል የለም። በየሌሊቱ ቤት ለሚቀያየርበት ጉዞ ግን ያደክማል፤ ማያያዝና መፍታት ብቻ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ይበላል፣ ጠባብ ድራይቭዌይ ውስጥ ወደ ኋላ ማስገባትም ልምድ ይጠይቃል።

ተሳቢ የሚመርጡ ሰዎች የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። መኪናቸው "7,000 ፓውንድ ይጎትታል" ሲባሉ እዚያው ላይ ያቆማሉ። መጀመሪያ የሚያልቀው ግን የመጎተት አቅሙ ሳይሆን የመሸከም አቅሙ ነው። የተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በጎታቹ መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን መወዛወዝ ይጀምራል። የ6,000 ፓውንድ ተሳቢ ከሆነ መንጠቆው ላይ ከ600 እስከ 900 ፓውንድ ያርፋል። አራት ሰውና ሻንጣ ሌላ 700 ቢሆን ድምሩ 1,600 ሊደርስ ነው። አሁን የሾፌሩን በር ክፈቱና ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ ብዙ የቤተሰብ መኪናዎች ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ጣሪያ ተብሎ የተጻፈው ከዚህ ያነሰ ነው። መንጠቆው ራሱም ክብደት አለው።

ነዳጁን በ1,500 ማይል ጉዞ አስሉት። በጋሎን 17 ማይል የሚሄድ ቫን 88 ጋሎን ያህል ይበቃዋል። 9 ማይል የሚሄድ ክላስ ሲ 167 ይፈልጋል፣ 7 ማይል የሚሄድ የቤንዚን ክላስ ኤ ደግሞ 214። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም ቫኑ አራት ሰው ስለማያስተኛ ሁለት ሰው ሆቴል ወይም ሶፋ ላይ የሚያድር ከሆነ ሂሳቡ ይገለበጣል።

ከሁሉ በላይ የቀበቶውን ነገር እዩ። "ስድስት ሰው ያስተኛል" ማለት ስድስት ሰው በደህና ያጓጉዛል ማለት አይደለም። የልጅ መቀመጫ የሚታሰረው ወደ ፊት በሚያይ ወንበር ላይ ብቻ ነው፤ በጎን በሚያይ ሶፋ ላይ አይታሰርም። የመመገቢያው አግዳሚ ወንበር ወደ ፊት ቢያይም ሥሩ እንጨት ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቀበቶው ከብረት ፍሬም ጋር መያያዙን ትራሱን አንስታችሁ አረጋግጡ። የሕፃን መቀመጫ ወደ ኋላ በሚያይ አግዳሚ ላይም አይሆንም። በዚህ ጉዳይ እርግጠኛ መሆን ካልቻላችሁ ልጆቹ በጎታች መኪና የሚሄዱበትን ተሳቢ ምረጡ።

ግቢ ውስጥ ማደር ወይስ ካምፕ?

ዘመድ ቤት በር ላይ ማደር የጉዞው ዋና ደስታ ነው። ጠዋት ልጆቹ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ወደ አያታቸው ይሮጣሉ፣ ማታ ማንም ሰዓት አይቶ አይነሳም። ግን የቤት ሶኬት የካምፕ ሶኬት አይደለም፤ ችግር የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው።

የካምፑ 30 አምፒር ሶኬት በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል። የ50 አምፒሩ ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ይደርሳል። የጋራዡ 15 አምፒር ሶኬት ግን 1,800 ዋት ብቻ ነው፤ ለሰዓታት በሚዘልቅ ጭነት ደግሞ ከ80 በመቶው ማለትም ከ12 አምፒር ማለፍ የለበትም። የጣሪያው አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ብቻውን ይህን ሁሉ ይጨርሰዋል፣ ሲነሳ ደግሞ የበለጠ ይስባል። የውሃ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ክፍል 12 አምፒር ያህል፣ ማይክሮዌቩ 13 ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ ፍሪጁንና የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩ፣ ኤሲውን አጥፉ፤ ከቤቱ የምትወስዱት ባትሪ መሙያና መብራት፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ቡና ማፍያ ብቻ ይሁን። ሌላም ነገር አለ፤ ያ ሶኬት ብዙውን ጊዜ ከጋራዡ ዲፕ ፍሪዘር ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። ሌሊት ብሬከሩ ቢወርድና ማንም ባያውቅ ጠዋት የባለቤቱ ሥጋ ቀልጦ ይገኛል። ሶኬቱ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ቀን ሳለ ብሬከሩን አውርዳችሁ አረጋግጡ።

የማራዘሚያው ገመድ ውፍረት ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ የሚገኘው ቀጭን ባለ 16 ጌጅ ገመድ 100 ጫማ ርዝመት ኖሮት 12 አምፒር ቢያልፍበት 10 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ገመዱ ላይ ይቀራል። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ወፍራሙ ባለ 10 ጌጅ፣ 50 ጫማ ገመድ ግን የሚያባክነው 1.2 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ይህን ገመድና ከ30 ወደ 15 የሚያሸጋግረውን አስማሚ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ መገጣጠሚያውንም ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ንቀሉት።

ደግ ዘመድ ደግሞ "ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ባለ 30ውን አስገጥምላችኋለሁ" ይላል። እዚህ ላይ ብዙ አርቪ ተቃጥሏል። ባለ 30 አምፒሩ የአርቪ ሶኬት 120 ቮልት ነው። አርቪ የማያውቅ ባለሙያ ግን "30 አምፒር፣ ሦስት እግር" ሲባል የልብስ ማድረቂያ መስሎት 240 ቮልት ያስገባበታል፤ ስፒናው በተሰካ ቅጽበት ማይክሮዌቩም፣ ባትሪ መሙያውም፣ ቴሌቪዥኑም ያበቃላቸዋል። አዲስ የተገጠመ ሶኬት ላይ ሳትለኩ አትሰኩ። መለኪያው 120 አካባቢ ካሳየ ሰኩ፤ 240 ካሳየ ባለሙያው ይመለስ።

ቀጥሎ ቁልቁለቱ። በፕሮፔን የሚሠራው የቆየው ዓይነት ፍሪጅ ሞተር የለውም፤ አሞኒያው የሚዘዋወረው በሙቀትና በስበት ነው። አብዛኞቹ የሚፈቅዱት ዝንባሌ ግራና ቀኝ 3፣ ፊትና ኋላ 6 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ፈሳሹ ቱቦ ውስጥ ይቋጥራል፣ ማሞቂያው ግን ማፍላቱን አያቆምም፤ ዝገት መከላከያው ኬሚካል ጠጥሮ ቱቦውን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ ክፍሉን መቀየር እንጂ ጥገና የለም። በግራና ቀኝ ጎማ መካከል 7 ጫማ ካለ 3 ዲግሪ ማለት 4 ኢንች ተኩል ያህል ልዩነት ነው። የፕላስቲክ መደላደያ ብሎክ ይህን ያስተካክላል፤ የኋላ ጎማው ጥንድ ከሆነ ግን ሁለቱም ጎማዎች ብሎኩ ላይ መውጣት አለባቸው። የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ ከመሬት አታንሱ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው እነሱን ነው። ክሪኩ ሥር ጣውላ አድርጉ፤ በሐሩር ቀን አስፋልት እንደ ሊጥ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱም እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ለባለቤቱ ይቀራል። በ12 ቮልት ኮምፕሬሰር የሚሠራው አዲሱ ፍሪጅ ቁልቁለት ብዙም አያሳስበውም፤ ዳገታማ ሰፈር ላላቸው ዘመዶች ይህን ዓይነት ፍሪጅ ያለውን መኪና አስቀድሙ።

ጄኔሬተሩን ቤት አጠገብ አታስነሱ። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለ፤ አይሸትም፣ በመስኮት ይገባል፣ ይገድላል። ኤሲ ግድ የሚሆንበት ሙቀት ከሆነ ምርጫው ካምፕ ነው፤ ወይም እንግዳ ክፍል።

ውሃው ቀላል ነው። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ቱቦና ግፊቱን ወደ 40 ወይም 50 ፒኤስአይ የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ያዙ። ታንኩን ሙሉና ቱቦውን ንቀሉት፤ በፓምፑ ተጠቀሙ። አንድ መገጣጠሚያ ሌሊት ቢፈታ በፓምፕ የሚፈሰው ታንኩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ በከተማው መስመር ከሆነ ግን እስክትነቁ ድረስ ነው።

የሚያልቅባችሁ ንጹሕ ውሃ ሳይሆን የቆሻሻው ቦታ ነው። አራት ሰው እየቆጠበም በቀን 20 ጋሎን ያፈሳል፤ 30 ጋሎን የሚይዘው የእጣቢ ታንክ በሁለተኛው ቀን ይሞላል። ገላችሁን ቤት ውስጥ ታጠቡ፣ ዕቃም እዚያው ይታጠብ፤ ያን ጊዜ ሦስትና አራት ቀን ያስኬዳል። እጣቢውን ወደ መንገዱ የዝናብ ቦይ መልቀቅ ሕገ ወጥ ነው፤ ያ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ባለ ጎማ ተንቀሳቃሽ ታንክ ይሸጣል፣ ግን 15 ጋሎኑ ሲሞላ 125 ፓውንድ ይመዝናልና ቁልቁለት ላይ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ካምፕ ውስጥ ደግሞ የፍሳሽ መስመር አለ ብላችሁ የሽንት ቤቱን ቫልቭ ከፍታችሁ አትተዉ፤ ፈሳሹ ብቻ ይሄድና ደረቁ ታንኩ ውስጥ ይከመራል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲሞላ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ ከዚያ በእጣቢው ውሃ ቱቦውን አጥቡት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምርጥ አካሄድ ማፈራረቅ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ግቢ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ አገልግሎት ያለው ካምፕ። ያቺን አንዲት ሌሊት በሁለት ዘመዶች መካከል መንገድ ላይ አድርጓት፤ ታንክ ይደፋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ባትሪ ይጠግባል፣ ሰውም ከጨዋታው ያርፋል። የግል የአርቪ ፓርኮች ብዙውን ጊዜ በየማቆሚያው የፍሳሽ መስመር አላቸው። የክፍለ ግዛትና የፌዴራል ካምፖች ግን ያማሩ ቢሆኑም ብዙ ጊዜ መብራት ብቻ ይሰጣሉ፣ የመኪናው ርዝመትም ይገደባል፣ ከፌዴራሎቹ ብዙዎቹ ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ይያዛሉ። የዘመድ ፕሮግራም ደግሞ ይቀያየራል፤ ስለዚህ ቦታ ስትይዙ መጀመሪያ የምታነቡት የስረዛውን ደንብ ይሁን። ዕድሜያቸው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆች አብረው ካሉ የአረጋውያን ፓስ የሚባለው የፌዴራል ፓርኮች መግቢያ ካርድ በበርካታ የፌዴራል ካምፖች ክፍያውን በግማሽ ይቀንሳል።

ኪራይ ወይስ ግዢ

በዓመት አንዴ ለሚሄድ ቤተሰብ ኪራይ ይሻላል፤ አርቪ ቆሞም ያረጃል። ስትከራዩ በቀን የሚፈቀደውን ማይልና የጄኔሬተር ሰዓት ጠይቁ፣ ጣሪያው ላይ የሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንሱ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ወይም ክሬዲት ካርድ ይሸፍናል ብላችሁ አትገምቱ፣ ደውሉ። ሲረከቡ ጣሪያውን፣ ማዕዘኖቹንና ታንኮቹን በቪዲዮ ቅረጹ። የጎማውን ዕድሜ እዩ፤ ጎኑ ላይ ያለው የዶት (DOT) ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ7 ዓመት ያለፈ ጎማ ይዛችሁ አትውጡ።

መንገዱ

የመኪናውን ከፍታ ኤሲውን ጨምራችሁ ለኩና መሪው አጠገብ ጽፋችሁ ለጥፉ። ኮኔቲከት ያለው ሜሪት ፓርክዌይ የተባለው መንገድ ከ8 ጫማ በላይ ከፍታ ያለውን አያስገባም፤ ቫኑም እንኳ አያልፍም። ዱራም፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ጣሪያ በመላጥ የታወቀው የባቡር ድልድይ በ2019 ከፍ ተደርጎም 12 ጫማ ከ4 ኢንች ብቻ ነው። ባልቲሞር ላይ የወደብ ዋሻውም ሆነ የፎርት ማክሄንሪ ዋሻ ከ10 ፓውንድ የሚበልጥ የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘን አያሳልፉም። ቀድሞ አማራጭ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መጋቢት 2024 ስለ ፈረሰ በ695 አውራ ጎዳና በምዕራብ በኩል መዞር ነው። ተራው የስልክ ካርታ ከእነዚህ አንዱንም አይነግራችሁም።

በቀን ከ300 ማይል አትለፉ፤ በአርቪ ይህ ከማረፊያ ጋር ስድስትና ሰባት ሰዓት ነው። ብርሃን ሳለ ድረሱ። ወደ ኋላ ስትገቡ የሚመራችሁ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሾፌሩ በመስታወቱ የሚያየው ቦታ ላይ ይቁም፤ ካላየው ይቁም መኪናው። የተቀሩት ሰላምታውን በረንዳ ላይ ሆነው ይጠብቁ፣ ልጆችም እዚያው።

ስትነሱ መጀመሪያ የአርቪውን ዋና ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀሉ። ደረጃው መታጠፉን፣ አንቴናው መውረዱን፣ የጣሪያው መስኮት መዘጋቱን ዞራችሁ እዩ። ተሳቢ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች በኋላ ቁሙና የጎማ ብሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ ደግማችሁ አጥብቁ።